የግማሽ ምዕት ዓመት ድምፅ በስድስት ዓመት አይሰፈርም

የብራና መጽሐፍ የጻፈ ቁም ጸሐፊ ሥራውን በፈጸመ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሱን ስም፣ ያጻፈውን ሰው ስም፣ መጽሐፉ የተጻፈበትንም ዘመን መዝግቦ፣ አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ለምኖ ይሰናበት ነበር። ይህ ልማድ ለከንቱ ውዳሴ የተሠራ አይደለም። የሠራ ሰው ከሥራው እንዳይለይ፣ ኋለኛውም ትውልድ ከማን እጅ እንደ ተቀበለ እንዲያውቅ የታሰበ ነው። ስለዚህ ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ መጽሐፍ በየገዳሙ ሲገለጥ ጸሐፊው እገሌ ነው ማለት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከሃምሳ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ከተማ የተዜመ ዜማ ግን ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደ ሆነ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ነገር የሚያሳፍር ነው፤ ከማሳፈሩም በላይ ዕዳ ነው።

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ጀምሮ ወደ ገርጂ፣ ወደ መገናኛ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት የሚሄድ ሰው በየቡና ቤቱ፣ በየሆቴሉ፣ በየታክሲው ውስጥ የቆየ ዘመን ዘፈን ይሰማል። ጎልማሳው ትዝታውን ያነሣበታል፤ ወጣቱም የአባቱን ዘመን ይመኝበታል። በአውሮፕላን ወርዶ ከተማውን ሊጎበኝ የመጣው እንግዳ ደግሞ ያን ዜማ በአገሩ ሳለ አውቆት ስለ መጣ፣ የሚያስተናግደውን ልጅ ስለ ዘፋኙ ይጠይቀዋል። ልጁም ከዘፋኙ ስም በቀር የሚመልሰው የለውም፤ አንዳንድ ጊዜም ስሙን የሚነግረው እንግዳው ነው። የቤቱ ልጅ ስለ ቤቱ ዕቃ ከእንግዳው የሚማርበት ቤት ባለቤት አለው ለማለት ያስቸግራል።

ነገሩን በአንድ ሰው ሥራ ማሳየት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አለማየሁ እሸቴ በ1941 ተወልዶ በ2021 ያረፈ ድምፃዊ ነው። በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ አገልግሏል። የአሜሪካንን የሮክ ዘፈን ስልት ከአገሩ ቅኝት ጋር አዋሕዶ ስለ ዘፈነ ብዙዎች የኢትዮጵያው ኤልቪስ ይሉት ነበር። ልጅን ትምህርት እንዲወድ የሚመክረው «ተማር ልጄ» በየቤቱ የሚታወቅ ነው፤ «አዲስ አበባ ቤቴ» የተባለውም እንዲሁ። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት ሲያቋቁም በመጀመሪያ ያሳተመው የአለማየሁን ዘፈን ነበረ። የሁለቱ አባቶች ስም ቢመሳሰልም ሰዎቹ ወንድማማች አይደሉም። ሸክላው የተቀረጸው በአዲስ አበባ ሲሆን የታተመው በሕንድ አገር ነው።

ይህ የአምሃ ሥራ እንዴት ያለ ድፍረት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1948 በወጣው ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ዘፋኞች ለዓመታት የሕዝብን ጆሮ እንጂ ሸክላን ሳያገኙ ኖሩ። አምሃ ይህን አጥር ጥሶ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። በ1974 መንግሥት ተለወጠ፤ ሰዓት እላፊም ታወጀ፤ የሌሊቱ ሙዚቃ ጸጥ አለ። አምሃም በ1975 ከአገር ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸክላ ጠፍቶ ካሴት ቦታውን ያዘ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ እነዚህን ሸክላዎች እየፈለገ፣ ባለ መብቶችንም እያነጋገረ፣ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ መድበል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማውጣት ያዘ። ከመድበሉ ዘጠነኛው፣ በ2001 የወጣው፣ የአለማየሁ እሸቴ ነው፤ ከ1969 እስከ 1974 ያሉትን ዘፈኖች ይዟል። ሃያ ሁለተኛውም የእርሱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከ1972 እስከ 1974 ያለውን ይዟል። በእነዚህ ምክንያት በ2008 አለማየሁ ከማሕሙድ አሕመድ፣ ከሙላቱ አስታጥቄና ከጌታቸው መኩሪያ ጋር በእንግሊዝ አገር በታላላቅ መድረክ ላይ ቆመ፤ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብም አጨበጨበለት።

ለፈረንሳዊው ሰው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ግፍ ነው። ሸክላው በየጓዳው ሲቧጨርና በየገበያው ሲጣል የአገሩ ሰው ዝም ብሎ ሳለ፣ እርሱ ሰበሰበ፣ ዘመኑን ጻፈ፣ ፎቶግራፉን አኖረ፣ የአቀናባሪውንና የባንዱን ስም መዘገበ። ነገር ግን ምስጋናው አንድ ነገር ነው፣ ሥራው ተፈጽሟል ብሎ መተኛት ሌላ ነገር ነው። አንባቢ ሁለቱን መድበሎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ዓመታቱን ይቍጠር፤ ሁለቱ ተደምረው ከስድስት ዓመት አያልፉም። አለማየሁ እሸቴ ግን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በዘፋኝነት ኖሯል። የሰውዬው ጕልማሳነት፣ መከራው፣ ዝምታው፣ ሽምግልናው፣ ድምፁ እየጠለቀ የሄደበት ዘመን ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ይህም የሆነው በክፋት አይደለም። ሰብሳቢው የያዘው ሸክላውን ነው፤ ሸክላው የቆመበት ዘመን የመድበሉ ወሰን ሆነ። ዳሩ ግን ከዚህ የተነሣ አንድ ሐሰት በዓለም ላይ ተዘርቷል፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ሙዚቃ በ1969 ተወልዶ በ1975 ሞተ የሚለው ነው። የባሕር ማዶ ጸሐፊዎች ያን ጊዜ «ወርቃማው ዘመን» ብለው ሰየሙት፤ የቦሌም ወጣት ስሙን ተቀብሎ እርሱም እንዲያው ይጠራዋል። ወርቅ የተባለውን ዘመን የመሰከረለት ሸክላው መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን ምስክሩ ካሴት ስለ ሆነ ብቻ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ እንደ ተፈረደበት የሚያስተውል ጥቂት ነው። ምስክር ባለመጠራቱ የሚረታ ሰው በማንኛውም ችሎት የተበደለ ነው።

የካሴቱ ነገር ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ሸክላ ቢቧጨር እንኳ ጭረቱ ውስጥ ድምፁ ይኖራል፤ ካሴት ግን በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው። ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ ዱቄቱ ይራገፋል፤ በሙቀት ጣሪያ ሥር የተቀመጠ እንደ ሆነ ክሩ ይጣበቃል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቍጥርም ሹክሹክታው እየበዛ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። በ1980ዎቹ የተቀረጸ ካሴት ዛሬ የአርባ ዓመት ዕድሜ አለው። እንግዲህ የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው የሚጠፋበትን ቀን ነው።

ሁለተኛው በደል የስም ነገር ነው። በዘፋኙ ፊት የቆመ ሕዝብ ዘፋኙን ብቻ ያያል፤ ዘፈን ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ግጥሙን የጻፈ አለ፤ ዜማውን የደረሰ አለ፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ድርሻውን የሰጠ አቀናባሪ አለ፤ የነፋና የመታም አለ። ግርማ በየነ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊና አቀናባሪ ሆኖ ለአለማየሁና ለዘመኑ ብዙ ዘፋኞች ዜማዎችን አቀናብሯል፤ ከአለማየሁም ጋር በሁለቱ ስም የተጠራ ባንድ መሥርተው ነበር። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካን አገር ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ለብዙ ዘመንም ከሙዚቃ ርቆ ኖረ። ስሙ በራሱ መድበል ላይ ወጥቶ የታየው በ2017፣ አካሌ ውቤ ከተባሉት ፈረንሳውያን ተጫዋቾች ጋር በቀረጸው በሠላሳኛው «ኢትዮፒክስ» ነው። በእርሱ ቅንብር የጨፈሩ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ግርማ ወዴት አለ ብሎ የጠየቀ ግን ስንት ነው?

የፈረንሳዊው መድበል መጽሔት ስሞችን መዝግቧል፤ የተጻፈው ግን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የዘፈነ ሰው ታሪክ የአማርኛ አንባቢ በማያነበው ቋንቋ ታተመ ማለት ነው። ከዚያም ዘፈኑ ወደ ቦሌ ሲመለስ መጽሔቱ በመንገድ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ይገባል። በፍላሽ፣ በስልክ፣ በዩቱብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ «የድሮ ምርጥ ዘፈኖች» ከሚል ርእስ በቀር ዓመትም፣ ገጣሚም፣ ደራሲም አይጻፍበትም። አንዳንዱም የአንዱን ዘፈን በሌላው ፎቶግራፍ ላይ ለጥፎ ይበትነዋል። ይህ መድበል አይባልም፤ ከብዙ ማሳ የተለቀመ እህል በአንድ ጆንያ ቀላቅሎ ባለ ማሳውን መካድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃዋሚዎች ሦስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱም መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው ከካህናት ወገን የሚነሣው ነው። ዘፈን የዓለም ነገር ነው፤ ቢጠፋ ምን ቀረ? ቤተ ክርስቲያንስ ስለ ዘፋኝ መዝገብ ምን አስጨነቃት? ይላል። ይህ ንግግር መንፈሳዊ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። ማንም የዘፈን ሸክላ ወደ ቅኔ ማኅሌት ይግባ አላለም። የተጠየቀው ፍትሕ ነው፤ ፍትሕም በመቅደስ ውስጥ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በአሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠትን ያዘዘው ለካህናት ብቻ ለይቶ አይደለም። ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው የተነገረውም የሥራው ዓይነት ተመርጦ አይደለም። ሸማኔ የሠራውን ኩታ ገዝቶ ሸማኔውን መካድ ኀጢአት ከሆነ፣ ገጣሚ በጻፈው ግጥም ተደስቶ ገጣሚውን መካድ ጽድቅ ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ስም መመዝገብን ለኢትዮጵያ ያስተማረች ራስዋ ቤተ ክርስቲያን ናት። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የቅዱስ ያሬድ መሆናቸውን የቆሎ ተማሪ ሳይቀር ያውቃል። የድጓው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል መሠራቱ ተጽፎ ይገኛል። የዜማው ቤት ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት ተብሎ በየስሙ ይለያል፤ አንዱ የሌላውን ስልት የራሴ ነው አይልም። በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ እንዴት እንደሚያፍር የማያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያላት እናት ልጆችዋ በአደባባይ የሰውን ሥራ ያለ ስም ሲበትኑ አይታ ዝም ብትል ትምህርትዋን ትክዳለች። ይልቁንም በዚያው በ«ኢትዮፒክስ» መድበል ውስጥ የዓለሙ አጋ በገና ይገኛል፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖም ይገኛል። እማሆይ በ1967 በጀርመን አገር የታተመውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢ ለወላጅ አልባ ልጆች አውለውታል። መዝገቡ ካልተጠበቀ የሚጠፋው ዘፈን ብቻ አይደለም፤ በገናውም ምጽዋቱም አብሮ ይረሳል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ የተማረ የከተማ ሰው ነው። ፈረንጁ በነጻ ሠርቶልን ሳለ ማጕረምረም ውለታ ቢስነት ነው፤ እርሱ በጀመረው መንገድ ይጨርሰው፤ ይላል። ለዚህ ሰው የታሪክ መስተዋት ይበቃዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር በሸክላ ተቀረጹ፤ ያም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ሸክላ ነው። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ያን ሸክላ መልሶ ያወጣው ማን ነው? ያው የፈረንሳይ አሳታሚ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ የቀረጸ ባዕድ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም የሰበሰበ ባዕድ ከሆነ፣ የአገሩ ሰው በዚህ መካከል ያለው ድርሻ ማጨብጨብ ብቻ ሆነ። ባዕድ ሰብሳቢ ቢደክም፣ ቢያረጅ፣ ልቡም ወደ ሌላ ቢያዘነብል ማንም አይከሰውም፤ የእርሱ አደራ አይደለምና። ደግሞም ባዕድ የሚመርጠው ጆሮው የወደደውን ነው። ለጆሮው ያልጣመውን፣ ነገር ግን ለአገሩ ሰው የሐዘኑና የሠርጉ ምስክር የሆነውን ቢተው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ባለቤቱ ነው። ለሰው አደራ ብሎ የተኛ ያደረበትን አያውቅም።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ነጋዴው ነው። ዘፈኑን በነጻ ስበትነው ዘፋኙን አስተዋወቅሁት እንጂ አልጐዳሁትም፤ ይላል። ለዚህኛው መልሱን ሕግ ሰጥቶታል። በ2004 የወጣው ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 410 የአመንጪውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለትና ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብትም ይሰጠዋል። በቡና ቤት፣ በሆቴል፣ በአዳራሽ ሰው የሚሰበስብበት ዘፈን የገንዘብ ምንጭ ነው፤ ማኪያቶው በዘፈኑ ይጣፍጣልና። ማስተዋወቅ ደግሞ በስም ነው፤ ስሙ ሳይጠራ የተዋወቀ ሰው ማን አለ?

እንግዲህ ነቀፋ ብቻ ጽፎ መሄድ ቤት አይሠራም፤ የሚደረገውም ነገር ከአቅም በላይ አይደለም። አንደኛ፣ የአንድ ድምፃዊ መድበል በሚዘጋጅበት ጊዜ መድበሉ ዕድሜውን ሁሉ ይያዝ፤ ከመጀመሪያው ሸክላ እስከ መጨረሻው ካሴትና ሲዲ፣ ደካማውም ብርቱውም ዓመት በየተራው ይቀመጥ። የሰው ሕይወት ከመካከሉ ተቈርጦ ሲቀርብ ውብ ሊሆን ይችላል፤ እውነት ግን አይሆንም። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ገጣሚው፣ የዜማው ደራሲ፣ አቀናባሪው፣ ተጫዋቾቹ፣ የተቀረጸበትም ዓመት በአማርኛ ይጻፍ። ያልታወቀው ስም «አልታወቀም» ተብሎ ይመዝገብ፤ ባዶ ቦታ ጠያቂን ይጠራል፤ ሐሰተኛ ስም ግን ጠያቂን ያባርራል። ሦስተኛ፣ ወመዘክር መጽሐፍን እንደሚጠብቅ ድምፅንም በዚያው ትጋት ይጠብቅ፤ የሬዲዮ ጣቢያና የሀገር ፍቅር ቴአትር ክሮችም ሳይራገፉ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጡ።

አራተኛው የከተማው ሕዝብ ድርሻ ነው። በቦሌና በየካ፣ በኮተቤና በሰሚት በየመኖሪያ ቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት አለ። ሽፋኑ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ይኖራል፤ ያች ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የገጣሚው ስም ብቸኛ ምስክር ናት። ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ በመጀመሪያ የሚጥሉት እርሱን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት ሲጠይቁ ሽፋኑን በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው፣ አረጋዊው የሚያስታውሱትን ጽፈው ቢያኖሩ ከመንፈሳዊ አገልግሎታቸው የሚጐድል ነገር የለም፤ ሽማግሌን መስማትም ራሱ በጎ ሥራ ነው።

ጊዜው አጭር ነው። በ2021፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ሸክላ ያሳተመው አምሃ እሸቴና በዚያ ሸክላ ላይ የዘፈነው አለማየሁ እሸቴ ሁለቱም አረፉ። በዚያ ቀን በስቱዲዮው ማን እንደ ነበረ፣ ማን እንደ መታ፣ ግጥሙን ማን ይዞ እንደ መጣ ሊናገሩ የሚችሉ ሁለት አፎች በአንድ ዓመት ተዘጉ። የቀሩትም እያረጁ ነው። ሙሾ ማውረድና የሐዘን ጽሑፍ በጋዜጣ ማውጣት ለሟች የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ሙዚቀኞች ዕዳ ተከፍሎ ባለቀ ነበር። ዕዳው የሚከፈለው ግን በሕይወት ያለውን ሰው ዛሬ ጠይቆ፣ የተናገረውን ጽፎ፣ የሚገባውንም ስምና ገንዘብ በእጁ በመስጠት ነው። ይህን ማድረግ የሚችል ትውልድ ሳያደርገው ቢያልፍ፣ ልጆቹ የአባቶቻቸውን ድምፅ ከባዕድ ገበያ በውድ ዋጋ ይገዙታል፤ የአባቶቻቸውን ስም ግን ገንዘብ ሰጥተውም አያገኙትም።